በጎጃም ብርቅዬ ቢራቢሮዎችን መመልከትና ፎቶ ማንሣት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ከባሕር ዳር እስከ ደጀን፣ ከዘጌ እስከ ጮቄ ቢራቢሮ ለማየትና ፎቶ ለማንሣት የሚነሡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ የተጻፉት የነፍሳት ተመራማሪ ላልሆነ፣ ነገር ግን ያየውን በስሙ ለመጥራትና በማስረጃ ለማስቀመጥ ለሚፈልግ ሰው ነው።

በጎጃም ሲዘዋወሩ ዓይን ሊጣልባቸው የሚገቡ ብርቅዬ ቢራቢሮዎች የትኞቹ ናቸው?

የኢትዮጵያ ደጋ በሞቃት ቆላ ተከብቦ ከሌሎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ተለይቶ የቆመ በመሆኑ፣ በሌላ አገር ፈጽሞ የማይገኙ፣ ወይም በሌላ አገር ካሉት ዘመዶቻቸው በመልክ የተለዩ ቢራቢሮዎች አሉት። የጎጃም ደጋ ደግሞ ዓባይ በሦስት አቅጣጫ ዞሮት ከሸዋም ከወለጋም በጥልቅ ሸለቆ የተለየ ነው። ስለዚህ በዚህ ምድር ላይ የሚነሣ ጥሩ ፎቶ፣ ቦታውና ቀኑ በትክክል ከተያዘ፣ ከጌጥነት ያለፈ ዋጋ አለው።

ከአገሪቱ ደጋ ጋር የተቆራኙትን ስንጠቅስ፣ መጀመሪያ ካራክሲስ ፌቡስ የተባለው ይመጣል። ይህ ቢራቢሮ ከኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ውጭ አይታወቅም። ወገኑ በአጠቃላይ ሰውነቱ ደንደን ያለ፣ በረራው እጅግ ፈጣን ሲሆን፣ ብዙዎቹ አባላቱ በኋላ ክንፋቸው ጫፍ ላይ ሹል ጭራዎች አሏቸው። ፓፒልዮ ኤቲዮፕስ ደግሞ በጥቁር ክንፉ ላይ ሰማያዊና አረንጓዴ የተዋሐደበት መቀነት ያለው ትልቅ ቢራቢሮ ነው። ፒየሪስ ብራሲኮይደስ ነጭ ሆኖ የክንፉ ጫፍ የጠቆረ ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ የሚታወቀው በሰሜን ታንዛኒያ ተራሮች ብቻ ነው። ኮሊያስ ኤሌክቶ የተባለው ብርቱካናማ ቢራቢሮ በአፍሪካ ሰፊ ቦታ ቢኖርም፣ የእኛ ደጋ የራሱ ንዑስ ዝርያ አለው፤ ሳይንሳዊ ስሙም ከአፄ ምኒልክ ተወስዶ ሜኔሊኪ ተብሏል።

ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚያስገርመው ግን ፓፒልዮ ዳርዳኑስ ነው። በአብዛኛው የአፍሪካ ምድር የዚህ ዝርያ ሴቶች ጭራ የላቸውም፤ ወንዱን ፈጽሞ ሳይመስሉ፣ ወፎች የማይደፍሯቸውን መርዛማ ቢራቢሮዎች መስለው ይኖራሉ። አንቲኖሪ በተባለው የኢትዮጵያ ንዑስ ዝርያ ግን አብዛኞቹ ሴቶች እንደ ወንዱ ክንፋቸው ነጣ ያለ ቢጫ፣ ዳሩ ጥቁር፣ ጫፉም ባለጭራ ነው። ጥቂቶቹ ደግሞ መርዛማዎቹን መስለው ሳለ ጭራቸውን ይዘው ይቀራሉ። ይህ ቢራቢሮ በቁጥር እምብዛም ብርቅ አይደለም፤ ነገር ግን መርዛማ መስላ ጭራ ያላትን ሴት በግልጽ ያነሣ ሰው በሌላ አገር በቀላሉ የማይገኝ ምስል ይዟል።

በመጨረሻም ቫኔሳ አቢሲኒካ አለ። በስሙ ኢትዮጵያን የያዘ ይሁን እንጂ በኬንያና በኡጋንዳ ተራሮችም ይኖራል። ጥቁር ቡናማ ክንፉ ላይ ብርቱካናማ መቀነት አለው፤ የሚገኘውም በደጋ ደን ዳርቻ ነው።

የት ቦታ ብፈልግ ይሻላል?

ቢራቢሮን ከመፈለግ በፊት ተክሉን መፈለግ ይቀድማል። እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው እጩ፣ ማለትም ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል፣ ሊበላው በሚችል ተክል ላይ ብቻ ነው፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች ደግሞ ከአንድ የተክል ወገን አይወጡም። ስለዚህ ተክሉ ከጠፋ አበባ ቢበዛም ቢራቢሮው አይኖርም፤ ተክሉ ካለ ግን መጠበቅ ያዋጣል።

የፓፒልዮ ወገን ከሆኑት ብዙዎቹ የሎሚ ዘመድ የሆኑ ተክሎችን ይበላሉ። በየደኑ ዳርቻ የሚበቅለውና ለመፋቂያ የሚቆረጠው ልምጭ ከእነዚህ አንዱ ነው። ልምጭ ያለበትን የደን ጫፍ፣ በተለይም ፀሐይ የሚያገኘውን ወገን ለይቶ ማወቅ፣ ቀኑን ሙሉ ከመዞር ይሻላል። የኮሊያስ እጭ የሚበላው ማገጥንና ዘመዶቹን ነው፤ ስለዚህ ክረምቱ ሲወጣ ማገጥ የለበሰ የግጦሽ መስክ የእርሱ ቤት ነው። ሊኬና ፍላያስ የተባለችው ትንሽ የመዳብ ቀለም ያላት ቢራቢሮ በአውሮፓና በእስያም የምትገኝ ብትሆንም በደጋችን የራሷ መልክ አላት፤ እርሷን የሚፈልግ ጡልትና እምቧጮ የሚገኙበትን የማሳ ዳር ይመልከት። ለቫኔሳ አቢሲኒካ ደግሞ ሳማ የበዛበት የአጥር ጥግና የወንዝ ዳር ጥሩ ነው።

በቦታ ስንሄድ፣ ጮቄ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ጓሳው፣ አስታውና ጅብራው ባሉበት የላይኛው ክፍል የቢራቢሮው ዓይነት ጥቂት ነው፤ የሚገኘው ግን ብርድ የለመደ የደጋ ዝርያ ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ ባለው መስክና የእርሻ ዳር ዓይነቱ ይበዛል።

ዘጌ ሌላ ዓለም ነው። በጣና ዳር የሚገኘው ይህ ባሕረ ገብ መሬት በገዳማቱ ሥርዓት ምክንያት በበሬ ሳይታረስ የኖረ፣ ቡናና ጌሾ በዛፍ ጥላ ሥር የሚለሙበት ደን ስለሆነ፣ የደን ቢራቢሮዎችን ለሚፈልግ ሰው ከባሕር ዳር በጀልባ በቀላሉ የሚደረስበት ቦታ ነው። በደኑ መካከል ያለው የእግር መንገድ ፀሐይ በቀዳዳ የሚገባበት በመሆኑ፣ ብርሃኑ ያረፈበትን ቅጠል እየተመለከቱ ቀስ ብሎ መሄድ ይበቃል። ሎሚና ትርንጎ ባለበት ጓሮ ፓፒልዮ ዴሞዶኩስ የተባለው የተለመደ ዝርያ አይጠፋም፤ ብርቅዬ ባይሆንም እጅ ለማፍታታት ከእርሱ የተሻለ መለማመጃ የለም።

የየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ደን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በምሥራቅ ጎጃም የእርሻ ሜዳ መካከል የሚታየው አረንጓዴ ነጥብ፣ ወይራው፣ ጽዱና ዋንዛው ያለበት፣ ከሞላ ጎደል ቤተ ክርስቲያን ነው። አገር በቀል ተክል የተረፈው በዚያ ስለሆነ ቢራቢሮውም የተረፈው በዚያ ነው። በአንጻሩ የባሕር ዛፍና በአዊ የተስፋፋው ዲከረንስ የተባለው የመጤ ግራር እርሻ፣ ምንም እንኳ ለገበሬው ገቢ ቢሆን፣ ቢራቢሮ ፈላጊን ባዶ እጁን ይመልሰዋል።

ዓባይ በረሃ ከደጋው ፈጽሞ የተለየ ነው። ከደጀን ወደ ድልድዩ ሲወረድ ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ ከነበረበት ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በመንገዱም ላይ የቢራቢሮው ዓይነት በየደረጃው ይለወጣል። ታችኛው ክፍል ላይ ጉመሮና ዘመዶቹ ስላሉ፣ እነዚህን የሚበሉት ኮሎቲስ የተባሉት ጫፈ ብርቱካናማና ጫፈ ቀይ ነጫጭ ቢራቢሮዎች ይታያሉ። ከብት ውኃ በሚጠጣበት እርጥብ አሸዋ ላይ ደግሞ ወንዶች ተሰብስበው ጨው ሲመጥጡ ይገኛሉ፤ የሚቀስሙትን ሶዲየም በሚራከቡበት ጊዜ ለሴቲቱ ያስተላልፋሉ። ወንዙ አዞ ያለበት መሆኑን አይርሱ፤ አጎንብሶ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ጀርባውን ለውኃው መስጠት የለበትም። በድልድዩ አጠገብም ጥበቃዎች ስላሉ፣ ካሜራውን ከማውጣት በፊት ማነጋገር ይገባል።

ከዓመቱ የትኛው ጊዜ የተሻለ ነው?

ለደጋው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ። አደይ አበባ የሚፈካበት፣ ማገጡ የሚያብብበትና ሰማዩ የሚጠራበት ወቅት ነው። ከኅዳር በኋላ ጮቄ ላይ ውርጭ ስለሚጥል ብዙው ይጠፋል። በዓባይ በረሃ ሣሩና ቅጠሉ ሳይደርቅ እስከ ታኅሣሥ መሥራት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ይከብዳል። በዘጌና በሌሎች እርጥብ ደኖች በበጋም ቢሆን ጥቂት ነገር አይጠፋም፤ ሆኖም አንዳንድ ወገኖች፣ ለምሳሌ ፕሪሲስ የሚባሉት፣ በክረምትና በበጋ የተለያየ መልክ እንዳላቸው መታወቅ አለበት። በጥር የተነሣውን ከመስከረሙ ጋር አስተያይተው «ሌላ ዝርያ አገኘሁ» የሚሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

በየትኛው ሰዓት ልውጣ?

ቢራቢሮ የራሱን ሙቀት አያመነጭም ማለት ይቻላል። ለመብረር የደረቱ ጡንቻዎች ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያላነሰ ሙቀት ያስፈልጋቸዋል፤ ይህንንም የሚያገኘው ከፀሐይ ነው። ጮቄ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ማንም አይነሣም። ፀሐይ ሣሩን መምታት ስትጀምር ግን ቢራቢሮዎቹ ወደ ላይ ወጥተው ይሞቃሉ፤ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ፣ ገና ለመብረር ሰውነታቸው ያልተፍታታበትና ብርሃኑም ያልበረታበት በመሆኑ፣ ለፎቶ ከሁሉ የሚመረጥ ነው። በባሕር ዳርና በዘጌ ይህ ሰዓት ቀደም ይላል፤ በዓባይ በረሃ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ሥራ አለ።

አሟሟቃቸው እንደየወገኑ ይለያያል፤ ፎቶውንም ይወስነዋል። ሊኬና ክንፏን ገልጣ ስለምትሞቅ የላይኛውን ገጽ ማንሣት ይቻላል። ኮሊያስ ግን ሲያርፍ ክንፉን አይገልጥም፤ ጎኑን ለፀሐይ ሰጥቶ በተከደነ ክንፉ ይሞቃል። ስለዚህ የላይኛው ብርቱካናማ ገጹ የሚታየው በበረራ ላይ ብቻ ነው። ክንፉን እስኪገልጥ ድረስ ፊቱ ተቀምጦ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው፤ ተረጋግቶ የታችኛውን ገጽ አጥርቶ ማንሣት፣ ከዚያም ሲነሣ በተከታታይ ማንሻ ዕድልን መሞከር ይሻላል።

ካራክሲስ በተቃራኒው የቀትር ቢራቢሮ ነው። ከ5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ወንዶቹ ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠው ክልላቸውን ይጠብቃሉ። ከወገኖቻቸው ብዙዎቹ ኮረብታ ጫፍ ላይ መሰብሰብ ስለሚወዱ፣ ቀትር ላይ ዛፍ ያለበትን ጉብታ መውጣት አያስቆጭም።

ደመና ከሆነስ?

ቢራቢሮ በደመና ያርፋል እንጂ አይጠፋም። ከሣር ሥርና ከቅጠል ግርጌ ተጠልሎ የተቀመጠውን ያገኘ ሰው ሳይቸኩል ማንሣት ይችላል፤ ደመና ያለዘበው ብርሃንም ለቀለም ተስማሚ ነው።

ሳይበረግግ እንዴት ልቅረበው?

ቢራቢሮ የሚሸሸው በአብዛኛው እንቅስቃሴንና ጥላን ነው። ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ በቀጥታ መሄድ ጥላን በላዩ ላይ ስለሚጥል፣ ከጎን መቅረብ ይገባል። ከሩቅ አንድ ፎቶ ይነሣ፤ ከዚያ ጥቂት ተጠግቶ ሌላ፤ እንዲህ እያሉ መቅረብ ቢያመልጥ እንኳ ማስረጃ ያስቀራል። በመጨረሻው ሁለት ሜትር ላይ መንበርከክና እጅን ከሰውነት ሳያርቁ በዝግታ መንቀሳቀስ ይጠቅማል። የረገጡት ሣር ቢራቢሮው ካረፈበት ግንድ ጋር የተያያዘ ከሆነ ከእይታ በፊት ንቅናቄው ይደርሰዋል።

ካመለጠ መከተል አያስፈልግም። ክልል የሚጠብቅ ወንድ ብዙ ጊዜ ወደዚያው ቅርንጫፍ ይመለሳል፤ አበባ የሚቀስመውም ከቁጥቋጦው ብዙ አይርቅም። በሩጫ የተገኘ ጥሩ ፎቶ አላየሁም፤ የተረገጠ ማሳ ግን አይቻለሁ፣ ባለ ማሳውም ቢቆጣ እውነት አለው።

ካራክሲስ ከዛፍ አልወርድ ካለ ምን ላድርግ?

ይህ ወገን አበባ እምብዛም አይጎበኝም። የሚወደው ከዛፍ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ፣ የበሰበሰ ፍሬና የሥጋ በል እንስሳ እዳሪ ነው። ስለዚህ ማማለያ ማዘጋጀት ይቻላል። ከመጠን በላይ የበሰለ ሙዝ ይፈጭና ጥቂት ስኳርና የጠላ አተላ ይጨመርበታል፤ በተከደነ ዕቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ይፈላል። ሽታው በረታ ማለት ደረሰ ማለት ነው። ይህን በደን ጫፍ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ግንድ ላይ፣ በሰው ደረት ቁመት ልክ መቀባት ነው። አፉን የተከለበት ካራክሲስ ሰውን ብዙም አይፈራም፤ ዛፍ ላይ ሳለ ሃያ ሜትር ያላስቀረበው እዚህ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ይነሣል።

ጉንዳን አስቀድሞ ከደረሰ ማማለያው ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ግንዱን ቀድሞ መመልከት ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ግን አተላ መቀባት ነውር ነው፤ ፈቃድ ቢገኝ እንኳ አይደረግም። በውጭ ባለው አጥር ዳር፣ ባለ መሬቱን አስፈቅዶ ማድረግ በቂ ነው።

የእጅ ስልክ ይበቃል? ወይስ የግድ ካሜራ መግዛት አለብኝ?

ለመለየት የሚያገለግል ፎቶ በስልክ ማንሣት ይቻላል። የስልክ ችግሩ የዋናው ሌንስ እይታ ሰፊ ስለሆነ ከመጠን በላይ መቅረብን ማስገደዱ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ የሚያቀርብ ሌንስ ያለው ስልክ ከሆነ በእርሱ ማንሣት ይሻላል። ቢራቢሮው ላይ ጣት በመጫን ፎከሱን መቆለፍ፣ ከዚያ ተከታታይ ምስል ማንሣት፤ የማይረጋጋ ከሆነ ደግሞ ቪዲዮ ቀርጾ ጥሩውን ቅጽበት መምረጥ ይቻላል።

ካሜራ ያለው ሰው ከ90 እስከ 105 ሚሊሜትር ያለ ማክሮ ሌንስ (ትንንሽ ነገርን አጉልቶ የሚያነሣ) ቢይዝ ከቢራቢሮው ሳይጠጋ ዝርዝሩን ያወጣል። ከ70 እስከ 300 ሚሊሜትር ያለው የተለመደ ሌንስም መጥፎ አይደለም፤ በተለይ በዓባይ ዳር እርጥብ አሸዋ ላይ ለተሰበሰቡት ከማክሮው የሚሻልበት ጊዜ አለ። አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ) ኤፍ 8 አካባቢ፣ የሹተሩን (የብርሃን መዝጊያውን) ፍጥነት ከሰከንድ 1/500 ያላነሰ አድርጎ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት) ለካሜራው መተው ለጀማሪ ይበቃል። በዚህ ርቀት ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ከቅንብሩ ሁሉ የሚበልጠው የካሜራው ፊት ከክንፉ ጋር ትይዩ መሆኑ ነው። ክንፉ ተከድኖ ከሆነ ከጎን፣ ተገልጦ ከሆነ ከላይ ይነሣል። ፍላሽ አያስፈልግም፤ የክንፉን ቅንጣቶች ያብለጨልጭና ቀለሙን ያዛባል። ትራይፖድም በሜዳ ላይ ሸክም ነው።

ዝርያውን ለማወቅ የትኞቹ ምስሎች ያስፈልጋሉ?

የላይኛው ገጽ፣ የታችኛው ገጽ፣ ጭንቅላቱና ያረፈበት ተክል። ከአራቱ አንዱን ብቻ ማንሣት የሚቻል ከሆነ የታችኛውን እመርጣለሁ፤ በተለይ በትንንሾቹ ሰማያዊና መዳብማ ቢራቢሮዎች ላይ ዝርያን የሚለየው በታች ያለው የነጠብጣብ አቀማመጥ ነውና። ብዙ ሰው ግን የሚያምረውን የላይኛውን ገጽ አንሥቶ ይሄዳል፤ በኋላም «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው ያጣል።

ምስሉን ቆርጦና ቀለሙን አሳምሮ ማስቀመጥ ይቻላል፤ የመጀመሪያው ፋይል ግን ሳይነካ መቀመጥ አለበት።

ከብርቅዬዎቹ ጋር የሚምታቱ የተለመዱ ዝርያዎች አሉ?

አሉ፤ ስሕተቱም ተደጋጋሚ ነው። ቫኔሳ አቢሲኒካን አገኘሁ የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ያገኘው ቫኔሳ ካርዱይን ነው። ይህኛው ሰሃራን አቋርጦ በአውሮፓና በአፍሪካ መካከል የሚመላለስ ተጓዥ ሲሆን በጎጃም በየሜዳው ይታያል። የካርዱይ የላይኛው ክንፍ በአብዛኛው ብርቱካናማ ሆኖ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ የተበተነበት ነው፤ የአቢሲኒካ ግን መሠረቱ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ብርቱካናማው በመቀነት መልክ የተወሰነ ነው።

ሁለተኛው ዳናውስ ክሪሲፑስ ነው። እጩ ቅምቦን በልቶ የሚያድግ፣ ከተክሉ ወተትም መርዝ የሚያከማች ቢራቢሮ ነው። የሂፖሊምናስ ሚሲፑስ ሴት ይህንን መስላ ትኖራለች። የሚለያቸው የኋላ ክንፍ ነው፦ ዳናውስ በክንፉ መካከል ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጠብጣብ ሲኖረው፣ ሚሲፑስ በላይኛው ጠርዝ አንድ ብቻ አላት። የሚሲፑስ ወንድ ግን ጥቁር ሆኖ ትልልቅ ነጭ ክቦች ያሉት ስለሆነ ከማንም ጋር አይምታታም።

በገዳምና በቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ለማንሣት ማንን ላስፈቅድ?

በአጥቢያ የደብሩን አስተዳዳሪ፣ በገዳም አበምኔቱን ወይም እርሳቸው የወከሉትን አባት። በቅዳሴ ሰዓትና በንግሥ ቀን ካሜራ ይዞ በቅጥር መዞር ተገቢ አይደለም። ከጣና ገዳማት አንዳንዶቹ ሴቶችን እንደማያስገቡ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። «አባ፣ ሰው አላነሣም፤ በዛፉ ዳር ያለውን ቢራቢሮ ነው» ብሎ ካሜራውን ከፍቶ ቢያሳዩ ብዙ ጊዜ ፈቃዱ ብቻ ሳይሆን «ከምንጩ ዘንድ ሂድ፤ እዚያ ይበዛል» የሚል ምሪትም ይገኛል።

በሜዳ ላይ ደግሞ እረኞች ከማንም በላይ ያውቃሉ። ምሪታቸውን መጠየቅና የድካማቸውን መስጠት ጥሩ ነው። ነገር ግን ይዘው ላመጡት ቢራቢሮ ገንዘብ አይስጡ፤ በማግሥቱ መንደሩ በሙሉ ቢራቢሮ ሲያሳድድ ይውላል፣ የሚመጣውም ክንፉ የረገፈ ነው።

በመረብ ይዤ አንሥቼ ብለቅስ?

አይመከርም። በጣት የተነካ ክንፍ ቅንጣቱ ይረግፋል፤ በማቀዝቀዣ ደንዝዞ አበባ ላይ የተቀመጠ ቢራቢሮም አቀማመጡ ስለሚያሳብቅ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ናሙና መሰብሰብ የሚፈልግ ተመራማሪ ከሆነ ጉዳዩ የሕግ ነው፤ የጄኔቲክ ሀብት አርክቦትን፣ ማለትም ሀብቱን ማግኘትን፣ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ፈቃድ ይጠይቃል፣ የሚያስፈጽመውም የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። የውጭ አገር እንግዳ ይዞ የሚወጣ አስጎብኚ ይህን አስቀድሞ ቢያስረዳ ራሱንም እንግዳውንም ከችግር ያድናል።

ያየሁትን እንዴት ልመዝግብ?

የቦታው ስም ከነቀበሌው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ተክሉና ቢራቢሮው ያደርግ የነበረው ነገር ይያዝ። ስልኩ ጂፒኤስ ካለው ቦታው በራሱ ይቀመጣል፤ ሆኖም በዓባይ ሸለቆ ገደል ሥር አቅጣጫው ሊሳሳት ስለሚችል በቃልም መጻፍ ጥሩ ነው። አይናቹራሊስት የተባለው የነጻ መተግበሪያ ፎቶውን ተቀብሎ ሌሎች እንዲለዩት ያቀርባል።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው በተለይ መጠንቀቅ ያለበት ነገር አለ። በማስታወሻ ደብተር «ጥቅምት 5፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት» ብሎ የጻፈ ሰው፣ መተግበሪያው ላይ ሲያስገባ በአብዛኛው ዓመት ኦክቶበር 15፣ 10፡00 ማድረግ አለበት። ሰዓቱን 4፡00 ብሎ ከተወው ቢራቢሮው ሌሊት ሲበር የታየ ሆኖ ይመዘገባል፤ ዓመተ ምሕረቱ ካልተቀየረ ደግሞ መረጃው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። የካሜራውን ሰዓት ከመውጣት በፊት አስተካክሎ፣ ደብተሩ ላይ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጽፉ በመጀመሪያው ገጽ ማስፈር ይህን ሁሉ ይከላከላል።

ቦታውን ለሁሉም ልናገር?

ለተለመደ ዝርያ ምንም አይደለም። በአንዲት ትንሽ ደን ብቻ ለተገኘ ብርቅዬ ግን መተግበሪያው ላይ ቦታውን የሚያደበዝዘውን ምርጫ መጠቀም፣ በማኅበራዊ ገጽም «ምሥራቅ ጎጃም» ብሎ መተው ይበቃል። ትክክለኛው ቦታ ለሚያጠናው ሰው በግል ሊሰጥ ይችላል። የሚያሰጋው ሰብሳቢ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ልምጭ ዙሪያ በየቀኑ የሚቆም ሰው ሥሩን ይረግጠዋል።

እንቁላል ወይም እጭ ባገኝ ቤት ወስጄ ላሳድገው?

የሎሚ ዛፍ ላይ የሚገኘውን የፓፒልዮ ዴሞዶኩስ እጭ ለልጆች ማሳያ ማሳደግ ጉዳት የለውም፤ በልጅነቱ የወፍ ኩስ መስሎ፣ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲነኩትም ከራሱ ኋላ ብርቱካናማ ቀንድ አውጥቶ ይሸታል። ለማሳደግ ግን በየቀኑ ትኩስ ቅጠል ያስፈልጋል፤ ቅጠሉም ፀረ ተባይ ያልነካው መሆን አለበት። ጫት ወይም አትክልት ከሚረጭበት ጓሮ አጠገብ የተቆረጠ የሎሚ ቅጠል እጩን በአንድ ቀን ይገድለዋል። ብርቅዬ ሊሆን ይችላል ተብሎ የተገመተ እንቁላል ወይም እጭ ግን ካለበት አይነሣ። ካሜራውን አቅርበው ያንሡት፣ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ ይጨምሩ፤ ተክሉን የማያውቁት ከሆነ አበባውን ወይም ፍሬውን አብረው ያንሡ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመልሰው የደረሰበትን ማየት ይችላሉ።